በቁሙ የሚመሰገን ማን ነው? በሕይወት ካሉ የቤዝቦል ታላላቆች አንዱን ለመምረጥ

አጎቴ ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ከገባ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። የእግር ኳስ አፍቃሪ ሆኖ ሄደ፤ የቤዝቦል ሰው ሆኖ ቀረ። በ2024 ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ነገር አጣ። ሴፕቴምበር 26 የሚደግፈው ቡድን፣ ኤይስ፣ ኦክላንድ ላይ የመጨረሻ ጨዋታውን ተጫውቶ ከተማዋን ለቀቀ። ዲሴምበር 20 ደግሞ ሪኪ ሄንደርሰን ሞተ። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሪኪ እዚያው ኦክላንድ ያደገ ልጅ ነው። 1,406 ቤዝ ሰርቋል፤ ማለት ኳሷ ሳትመታ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ቀጣዩ ሮጦ ደርሷል። እስከ ዛሬ አጠገቡ የደረሰ የለም።

መርዶውን ስሰማ ደወልኩለት። አጎቴን ጋሼ ነው የምለው። ትንሽ ካወራን በኋላ፣ "ጋሼ፣ አሁን በሕይወት ካሉት ውስጥ ትልቁ ማን ነው ትላለህ?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ማንም የለም" አለኝ።

ሐዘኑ ነው የተናገረው። ጥያቄው ግን መልስ አለው፤ እንዲያውም ብዙ መልስ አለው። ችግሩ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ተጫዋቾቹ ይመስላቸዋል እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለያዩት መለኪያው ላይ ነው። ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ ብሎ ሲከራከር ያመሸ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ ወርቅ ይቆጥራል፣ ሌላው ሰዓት ይጠራል፣ ሦስተኛው "ሲሮጥ ያለቀስኩት ለማን ነው" ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው፣ ግን የሚያወሩት ስለ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስም ከመደርደር በፊት መለኪያ ያስመርጣችኋል።

ማዕረጉ ከየት መጣ

በ1969 የፕሮፌሽናል ቤዝቦል 100ኛ ዓመት ሲከበር ድምፅ ተሰጠ። የምንጊዜም ታላቅ የተባለው ቤብ ሩት ነው። እሱ ግን ከሞተ ቆይቷል። በሕይወት ካሉት ታላቁ ተብሎ የተመረጠው ጆ ዲማጂዮ ሆነ። ዲማጂዮ ይህን ማዕረግ አጥብቆ ያዘው። ስታዲየም ሲጋበዝ "በሕይወት ያለው ታላቁ ተጫዋች" ተብሎ እንዲጠራ ይፈልግ ነበር፤ በ1999 እስኪያርፍ ድረስም እንደዚያው ሲጠራ ኖረ።

በዚያ በ1969 ግን ቴድ ዊሊያምስ በሕይወት አለ። ስታን ሙዚያል አለ። ዊሊ ሜይስና ሃንክ አሮን ጭራሽ ገና ሜዳ ላይ ነበሩ። በቁጥር ቢኬድ ዲማጂዮ ከእነዚህ በላይ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል። ሰው የመረጠው ግርማውን ነው። በ1941 በ56 ተከታታይ ጨዋታ ሳይመታ ያልወጣበትን ያን በጋ ነው የመረጠው። ማዕረጉ ከጅምሩም የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ አንድን ሰው በቁሙ፣ ጆሮው እየሰማ የማመስገን ጉዳይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ባሪ ቦንድስ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከዲማጂዮ በኋላ ብዙ ሰው ዊሊያምስን አለ፤ እሱ በ2002 ሞተ። ከዚያ ወዲያ ለሃያ ዓመት ያህል ክርክሩ ጋብ አለ፤ ምክንያቱም ሜይስ ነበር። ሜይስ ይመታል፣ ይሮጣል፣ ይወረውራል፣ ይይዛል። 660 ሆምራን፣ 12 ጎልድ ግላቭ፤ ምንነታቸውን ከታች ታገኛላችሁ። በ1954 ወርልድ ሲሪስ፣ በዓመቱ የፍጻሜ ውድድር፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ወደ ግንቡ እየሮጠ፣ ኳሷን በትከሻው ላይ የተቀበለበትን ምስል ቤዝቦል አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሳያየው አልቀረም። ጁን 18፣ 2024 በ93 ዓመቱ አረፈ። ወንበሩ ባዶ የሆነው ያን ቀን ነው።

በ2015 ደጋፊዎች በሕይወት ካሉት አራት ታላላቆች ምረጡ ተብለው ሜይስን፣ አሮንን፣ ጆኒ ቤንችንና ሳንዲ ኮፋክስን መርጠው ነበር። አሮን በ2021 ሄደ። ከአራቱ የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁ፣ በአጭሩ

ቤዝቦል በመሠረቱ የሁለት ሰዎች ትግል ነው። ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ ኳሷን ይወረውራል። መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል። ከአሥር ሙከራ ሦስቱ የሚሳካለት መቺ ታላቅ ይባላል። ይህን አንዴ ከተቀበላችሁ ሌላው ይቀላል። የመታ ሰው ሜዳው ላይ ያሉትን ሦስት ማረፊያዎች፣ ቤዝ የሚሏቸውን፣ አልፎ ወደ መነሻው ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ኳሷን ከአጥር ውጪ ከላካት ሆምራን ነው። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳታት ስትራይክአውት ነው። ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ከወረወረ መቺው በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል፤ ዎክ ይሉታል። አንዳንዴ መቺው በጣም ከተፈራ ሆን ብለው ዎክ ይሰጡታል። ይህችን ያዟት።

ሽልማቶቹን በተመለከተ፣ ኤምቪፒ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ነው፤ ሳይ ያንግ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ፤ ጎልድ ግላቭ ደግሞ ለተከላካይነት። ዋር የሚባል ቁጥርም አለ። በዚህ ሰው ቦታ ተራ ተቀያሪ ቢገባ ቡድኑ ስንት ጨዋታ ያጣ ነበር የሚለውን ይገምታል። ግምት ነው፤ ግን የተለያየ ቦታና ዘመን የነበሩ ሰዎችን አንድ ሚዛን ላይ ለማውጣት ከሱ የተሻለ የለም። በሙሉ ዘመን 100 ካለፈ ሰውየው ከጥቂቶች አንዱ ነው።

መጀመሪያ መመለስ ያለበት፦ ቦንድስ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

ይህን ሳትመልሱ ወደ ሌላ ስም አትለፉ። ምክንያቱም ከተቆጠረ ክርክሩ ያልቃል። 762 ሆምራን፤ ከሱ በላይ የለም። በአንድ የውድድር ዘመን 73፣ በ2001፤ ከሱ በላይ የለም። ሰባት ኤምቪፒ፤ ሌላ ማንም ከአራት አላለፈም። 500 ሆምራንም 500 የተሰረቀ ቤዝም ያለው እሱ ብቻ ነው። ዋሩ ከ160 በላይ ነው። ሜይስ ራሱ የክርስትና አባቱ ነበር።

በ2004፣ አርባ ዓመት በሞላበት ዓመት፣ 232 ዎክ ተሰጠው። ከነዚህ ውስጥ 120ው ሆን ተብሎ ነው። ተቃራኒዎቹ "አንጋፈጥህም፣ ሂድ" እያሉት ማለት ነው። በዚያ ዓመት ዱላ ይዞ ከቆመባቸው አሥር ጊዜያት በስድስቱ ቤዝ ላይ ደርሷል። ሦስት ከአሥር ታላቅ በሚያሰኝበት ጨዋታ።

ጥላውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ከ35 ዓመቱ በኋላ ይደክማል እንጂ እንዲህ አይጎለብትም። ባልኮ የሚባለው ላቦራቶሪ ሲመረመር የሱም ስም ተነሳ። እያወቅሁ አበረታች ቅመም አልወሰድኩም አለ። በ2011 ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2015 ውሳኔው ተሻረለት። ጋዜጠኞቹ ግን አልተቀበሉትም። ወደ ሆል ኦፍ ፌም፣ ወደ ታላላቆቹ የክብር መዝገብ፣ ለመግባት የጋዜጠኞቹ 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። በአሥረኛውና በመጨረሻው ዕድሉ፣ በ2022፣ 66 በመቶ ላይ ቆመ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሦስት መንገድ አንዱን ትመርጣላችሁ። ሜዳ ላይ የሆነው ሁሉ ሆኗል ብሎ ሁሉንም መቁጠር አለ። የተጠረጠረውን ዘመን ቆርጦ የቀረውን መመዘን አለ። ሙሉ በሙሉ መሰረዝም አለ። እኔ ሁለተኛውን መንገድ ነው የምመክረው። ምክንያቴን በአንድ ምሽት ላስረዳ።

ሜይ 28፣ 1998። አሪዞና ላይ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ኢኒንግ፣ ማለት ዙር፣ ነው። አሪዞና ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስን 8 ለ 6 ይመራል። የጃያንትስ ሁለት ሰዎች አውት ሆነዋል፣ ማለት ከጨዋታው ወጥተዋል፤ ሦስተኛው ከወጣ ያልቃል። ሦስቱም ቤዝ ላይ የጃያንትስ ሰዎች ቆመዋል። ቦንድስ ዱላውን ይዞ ወጣ። የአሪዞናው አሰልጣኝ ባክ ሾዋልተር ወርዋሪው ሆን ብሎ ዎክ እንዲሰጠው አዘዘ። ቤዙ ሁሉ ተይዟል፤ ስለዚህ ዎክ መስጠት ማለት አንድ ነጥብ በእጅ ማስረከብ ነው። አስረከቡት። 8 ለ 7 ሆነ። ቀጣዩ መቺ ብሬንት ሜይን ኳሷን ቢመታትም በአየር ላይ ተያዘች፤ ጨዋታው አለቀ። አሰልጣኙ ተሳካለት።

እስቲ አስቡት። አንድ ልምድ ያለው አሰልጣኝ ከዚህ ሰው ጋር ከምጋፈጥ ነጥብ ልስጥ አለ። ደግሞ ይህ የሆነው በ1998 ነው። ሆምራኑ ከልክ ያለፈው፣ ጥርጣሬውም የበረታው ከዚያ በኋላ ነው። ቦንድስ በዚያው ዓመት መጨረሻ 411 ሆምራን፣ 445 የተሰረቀ ቤዝ፣ ሦስት ኤምቪፒና ስምንት ጎልድ ግላቭ ነበረው። ዋሩ በ13 ዓመት ብቻ 100 ገደማ ደርሶ ነበር። ያን ቀን ጫማውን ቢሰቅል ኖሮ ዛሬ ስለሱ ማንም ባልተከራከረ።

እኔ የምመርጠው ባሪ ቦንድስን ነው። ግን ስሙን ስጠራ ጥፋቱንም አብሬ እጠራለሁ። በቁሙ የሚመሰገን ሰው በቁሙ ይወቀሳልም። ዲማጂዮ ላይ ያልኩት ይህን ነው፤ ምስጋናው ጆሮው እየሰማ ከሆነ ወቀሳውም መሰማት አለበት። ቦንድስ ያን ሁሉ ስጦታ ይዞ የኋለኛውን ዘመኑን ለጥርጣሬ መዳረጉ ያበሳጨኛል። ልጅ ሆኖ ከሜይስ እግር ስር ያደገ ሰው ነው። ያ ቁጥር በንጹሕ እጅ ቢመጣ ኖሮ ምን ያህል ያምር ነበር።

ጋሼ ግን በጭራሽ አይቀበለኝም። "ሪኪ ሰረቀ፤ ግን አርባ ሺህ ሰው እያየው ነው የሰረቀ" ይለኛል። አከብርለታለሁ። እንደ ጋሼ ከሆናችሁ ሦስተኛው መንገድ የእናንተ ነው። ያን ጊዜ ግን ሚዛኑን ለሁሉም እኩል አድርጉ። ሮጀር ክሌመንስ 354 ድልና ሰባት ሳይ ያንግ አለው፤ ዋሩ 139 ገደማ ነው፤ ወርዋሪ ከተባለ ከሕያዋን አንደኛ ነው። አልወሰድኩም ብሏል፤ ለኮንግረስ ዋሽተሃል ተብሎ ቢከሰስም በ2012 ነፃ ወጥቷል። ሆል ኦፍ ፌም ግን እሱንም አላስገባውም። አሌክስ ሮድሪጌዝም 696 ሆምራን አለው፤ እሱ ግን አምኗል፣ የ2014ን የውድድር ዘመን ሙሉ በቅጣት ወጥቶበታል። ቦንድስን አስወጥቶ ክሌመንስን ማስገባት አያስኬድም።

ቦንድስ ከወጣ፦ ሽሚት፣ ግሪፊ ወይስ ፑሆልስ?

ከመቺዎቹ መልሱ ማይክ ሽሚት ነው። ብዙ ሰው ስሙን ቶሎ አያነሳም፣ ይህ ሁሌ ያስገርመኛል። ሙሉ ዘመኑን ለፊላደልፊያ ፊሊስ ተጫወተ። 548 ሆምራን፣ ሦስት ኤምቪፒ፣ አሥር ጎልድ ግላቭ። ሊጉን በሆምራን ስምንት ጊዜ መርቷል። የተጫወተው ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነው፤ ኳስ እንደ ጥይት የሚመጣበት ቦታ። እዚያ ቆሞ አሥር ጊዜ ምርጥ ተከላካይ መባልና እንደ እሱ መምታት በአንድ ሰው ላይ አይገናኝም። ዋሩ 106 ገደማ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ልጥቀስ። ኤፕሪል 17፣ 1976፣ ቺካጎ ሪግሊ ፊልድ። የከተማዋ ቡድን ኩብስ ፊሊስን 13 ለ 2 ይመራል። ሽሚት አራት ሆምራን በተከታታይ መታ። የመጨረሻዋ በተጨማሪው አሥረኛ ኢኒንግ ላይ ነበረች። ጨዋታው 18 ለ 16 በፊሊስ አሸናፊነት አለቀ።

ኬን ግሪፊ ጁኒየርን ልብ ይመርጠዋል። እንደሱ ያማረ አመታት አልታየም፤ ያ ከታች ወደ ላይ የሚጠቀለል የግራ እጅ ምት። 630 ሆምራን መታ፣ በ2016 ደግሞ በ99.3 በመቶ ድምፅ ሆል ኦፍ ፌም ገባ። ሆኖም ሲንሲናቲ ከሄደ በኋላ ጉዳት ዓመቶቹን በላበት። ዕድሜ ልኩን ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍም ባላስፈለገ። አልሆነም።

ዶሚኒካዊው አልበርት ፑሆልስ በተቃራኒው ነው። በሴንት ሉዊስ የመጀመሪያዎቹ 11 ዓመታት ከማንም አያንስም፤ ሦስት ኤምቪፒ ያገኘው ያኔ ነው። ከዚያ ኤንጀልስ ሄዶ ረጅም ቁልቁለት ወረደ። በ2022 ወደ ሴንት ሉዊስ ተመልሶ 703 ላይ ጨረሰ። ሙሉውን ዘመን የምትደምሩ ከሆነ ፑሆልስ ከሽሚት ጋር ይፎካከራል። እኔ ግን መከላከልንም ስለምቆጥር ሽሚት ላይ እቆማለሁ።

ጆኒ ቤንች ከካቸሮች፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብለው ኳስ ከሚቀበሉት፣ ሁሉ የበላይ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙ ተቃዋሚ አያገኝም። ቦታው ጉልበት ይጨርሳልና ቁጥሩ ከነሽሚት ጋር አይደርስም፤ 389 ሆምራን ነው ያለው። ኢቺሮ ሱዙኪም ጃፓን 1,278፣ አሜሪካ 3,089 ጊዜ መትቶ ቤዝ ደርሷል። በ2025 ከ394 መራጮች 393ቱ መረጡት። እወደዋለሁ፤ ግን አንደኛ አልለውም።

ወርዋሪ ከመረጣችሁ፦ ጉልበቱን ወይስ ዕድሜውን?

እዚህ መለኪያው ይቀየራል። ወርዋሪ ክንዱ ዕድሜ አለው። ስለዚህ ጥያቄው "ስንት ዓመት?" ወይስ "ምን ያህል ከፍታ?" ነው።

ስንት ዓመት ካላችሁ ግሬግ ማዱክስ። 355 ድል፣ ከ1992 እስከ 1995 አራት ተከታታይ ሳይ ያንግ፣ 18 ጎልድ ግላቭ። ፈጣን አልነበረም። መልኩም የባንክ ሠራተኛ ይመስል ነበር። ግን ኳሷን የፈለገው ቦታ ያስቀምጣታል። ከ5,000 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ በዘመኑ ሁሉ የሰጠው ዎክ 999 ነው። አንድ ሺህ አልሞላም። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

የሱ ተቃራኒ ራንዲ ጆንሰን ነው። ቁመቱ 208 ሴንቲ ሜትር፣ ፊቱ የሚያስፈራ፣ ኳሱ እሳት። 4,875 ስትራይክአውት፣ አምስት ሳይ ያንግ። በ2001 ወርልድ ሲሪስ ስድስተኛውን ጨዋታ አሸንፎ፣ በማግሥቱ ሰባተኛው ላይ ተቀይሮ ገብቶ ያንንም አሸነፈ። አስተማማኝነት የምትፈልጉ ማዱክስን፣ ማስፈራት የምትፈልጉ ጆንሰንን ያዙ። ኖላን ራያንን የምትሉም አላችሁ፤ 5,714 ስትራይክአውትና ሰባት ኖ-ሂተር፣ ማለት ተቃራኒው አንዴም ሳይመታ ያለቀ ጨዋታ፣ ቀልድ አይደለም። ግን ዎክ ያበዛ ነበር።

ከፍታውን ካላችሁ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል። አንዱ ፔድሮ ማርቲኔዝ ነው። ለወርዋሪነት ሰውነቱ ያንሳል ብለው የሎስ አንጀለሶቹ ዶጀርስ አሳልፈው የሰጡት ዶሚኒካዊ። በ2000 ሊጉ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ወደ 5 ነጥብ ሲሰጥ እሱ 1.74 ብቻ ሰጠ። መቺዎች ጡንቻቸው ባበጠበት ዘመን ነው ይህን ያደረገው። ለኔ እስከዛሬ በአንድ ዓመት ከታየው መወርወር ሁሉ ይበልጣል።

ሌላው ሳንዲ ኮፋክስ ነው። ስለሱ ቆም ብዬ ላውራ።

ኮፋክስ በ1935 ብሩክሊን የተወለደ አይሁዳዊ፣ የዶጀርስ ወርዋሪ ነው። የመጀመሪያ ዓመታቱ ተራ ነበሩ፤ ኳሱ ፈጣን፣ አቅጣጫው ግን የማይታወቅ። ከ1962 ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። አምስት ዓመት በተከታታይ ሊጉ ውስጥ ትንሹን ነጥብ የሰጠ እሱ ነው። ሦስት ሳይ ያንግ ወሰደ፤ ያኔ ሽልማቱ ለሁለቱ ሊግ አንድ ብቻ ነበር። በ1965 ብቻ 382 ስትራይክአውት፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 9 አንድም መቺ ቤዝ ሳያስረግጥ ሙሉ ጨዋታ ጨረሰ።

በዚያ ዓመት ወርልድ ሲሪሱ የተጀመረው ዮም ኪፑር ዕለት ነው። ቤተ እስራኤል አስተስርዮ የሚሉት ቀን። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች፣ የዚያን ቀን ክብደት ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ኮፋክስ አልወረውርም አለ። የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ ነው፤ ቀረ። ዶጀርስ ያን ጨዋታ 8 ለ 2 ተሸነፉ። ሁለተኛውን ኮፋክስ ወረወረ፤ እሱም ተሸነፈ። አምስተኛውን አንድም ነጥብ ሳይሰጥ አሸነፈ። ሰባተኛውና የመጨረሻው ሲመጣ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያረፈው። የግራ ክርኑ በአርትራይተስ ታሟል። ጠማማ ኳሱ አልታዘዝ አለችው። ስለዚህ ቀጥታዋን ፈጣን ኳስ ብቻ መወርወር ጀመረ፤ መቺዎቹ ምን እንደሚመጣ እያወቁ። 2 ለ 0 አሸነፈ።

በቀጣዩ ዓመት 27 ጨዋታ አሸንፎ፣ በ30 ዓመቱ አቆመ። ክንዴን ለቀሪ ሕይወቴ እፈልገዋለሁ ብሎ። ድሉ በጠቅላላው 165 ነው፤ የማዱክስ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ማዕረጉ በሒሳብ ቢሰጥ ኮፋክስ ተራው አይደርሰውም። አንዲት ጨዋታ ብቻ ቀርታ፣ ሁሉ ነገር በሷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ኳሷን ለማን ትሰጣላችሁ ብትሉኝ ግን ዓይኔን ሳላሽ ለሱ ነው።

ገና በመጫወት ላይ ያለ ሰው ይቆጠራል?

ብዙ ሰው "ዘመኑ ይጨረስ፣ ከዚያ እንመዝነዋለን" ይላል። ደህና ሐሳብ ነው፤ ማይክ ትራውት ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2019 ሦስተኛ ኤምቪፒውን ሲወስድ ከሜይስ ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ ጉዳት በጉዳት ላይ ተደራረበበት።

ሾሄይ ኦታኒ ላይ ግን ይህ ምክር ይቸግረኛል። ችግሬም የመለኪያ ወጥነት ነው። ኮፋክስን ለአምስት ዓመት ከፍታ ስል ካነገሥኩት፣ ኦታኒን "ገና ነህ" የምልበት አፍ የለኝም። ከ2021 እስከ 2025 ባሉት አምስት ዓመታት አራት ኤምቪፒ ወስዷል፣ አራቱንም በሙሉ ድምፅ። ይወረውራልም ይመታልም። ከቤብ ሩት ወዲህ ሁለቱን በዚህ ደረጃ የያዘ አልተገኘም፤ ሩትም ብዙ ሳይቆይ አንዱን ትቶታል። በ2024 ክርኑ ተቀዶ መወርወር ባልቻለበት ዓመት እንኳ 54 ሆምራን መትቶ 59 ቤዝ ሰረቀ። ሁለቱንም ከ50 ያሳለፈ ከዚያ በፊት አልነበረም። ወሰኑን የተሻገረበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 19፣ ማያሚ ላይ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስቱንም መታ። ሦስቱ ሆምራን ናቸው፤ ሁለት ቤዝም ሰረቀ።

በሌላ በኩል ድምሩ ትንሽ ነው። እስከ 2025 ማብቂያ 280 ሆምራን ነው ያለው፤ የወረወራቸውም ዓመታት በሁለት የክርን ቀዶ ጥገና የተቆራረጡ ናቸው። ሙሉ ዘመን የምትደምሩ ከሆነ መጠበቅ ነው። ከፍታ የምትለኩ ከሆነ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። እኔ የምደምር ሰው ነኝ፣ ስለዚህ እስካሁን ቦንድስ ላይ ነኝ። የቆምኩበት መሬት ግን እየከዳኝ ነው።

ኦክቶበር 17፣ 2025 ሎስ አንጀለስ ላይ ዶጀርስ ሚልዋኪን የገጠሙ ቀን ኦታኒ ወርዋሪ ነበር። በመጀመሪያው ኢኒንግ ሦስት ሰው በስትራይክአውት አስወጣ። ከዚያ ዱላውን ይዞ ወጥቶ ሆምራን መታ። ሁለተኛዋ ሆምራን ከተመልካቹ ጣሪያ በላይ አልፋ ከሜዳው ወጣች፤ 469 ጫማ፣ 143 ሜትር ገደማ። ሦስተኛም ጨመረ። ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ አሥር ስትራይክአውት አደረገ፤ አንድም ነጥብ አልሰጠም። ዶጀርስ ወደ ወርልድ ሲሪስ አለፉ።

ሁለተኛዋ ሆምራን እንደተመታች ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው። ከሪኪ ሞት ወዲህ ስለ ቤዝቦል ብሎ ራሱ ሲደውል የመጀመሪያው ነው። ዶጀርስን ደግሞ ዕድሜ ልኩን ጠልቷል።

"ይሄ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ።

"31 ነው፣ ጋሼ።"

ከበስተጀርባው የቴሌቪዥኑ ጩኸት ይሰማል። "ቆይ፣ ገና አልወጣም፣ እየወረወረ ነው" አለና ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ሄደ።